አንድ ኪሎ ለጆንያው

"ዘጠና ስድስት!" ብሎ ጮኸ ገበየሁ።

ኩልሱም ከባስኩሉ ሚዛን ሳትወርድ ዞራ አፈጠጠችበት። "ምነው ጋሽ ገበየሁ! በጆሮዬ ንገረኝ አላልኩህም?"

"አመል ሆኖብኝ እኮ ነው እትዬ። አፌ ይቀድመኛል።"

አልዋሸም። ገበየሁ ያረጀው በዲላ፣ በዚህ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ነው። ጸሐፊው የሚቀመጠው ወዲያኛው በር ሥር ስለሆነ፣ ባስኩሉ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ክብደቱ በጩኸት ነው የሚነገረው። ከኢዲዶ፣ ከአሪቻ፣ ከባንኮ ጎቲቲ የመጣውን ጆንያ እንዲህ ሲጣራ ኖሮ፣ አሁን ሳይጮህ መመዘን አቅቶታል። ያ ሳያንስ ደግሞ ጆንያ የመዘነ ይመስል፣ "ለጆንያው አንድ ኪሎ ቀንስ!" ሲል ጨመረበት።

መሬት ላይ ተደርድረው ቡና የሚለቅሙት ሴቶች በሳቅ አውካኩ።

"ጆንያሽን አውልቂዋ እትዬ!" አለች አንዷ።

"አንቺን ያውልቅሽ!" ኩልሱም ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ብትቆጣም አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል። ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ሚዛን ላይ መቶ ሦስት ነበረች። ያን ዕለት ገበየሁ ጮሆ ከተናገረ ወዲህ የመናኸሪያው ሰፈር ሰው ስሟን ትቶ "እትዬ ኩንታል" ነው የሚላት። አሁን ከኩንታል በታች ወርዳለች፤ ስም አውጪዎቹ የሚሉትን ይበሉ።

"ኩንታሉ ጎደለ!" አለ በራሶ፣ ጆንያ ተሸክሞ በአጠገቧ እያለፈ። ከመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች አንዱ ነው። የጌዴኦ ልጅ ስለሆነ አማርኛው ወንዱንና ሴቱን ይቀላቅልበታል። "እትዬ ኩልሱም ቀጠነ! በደንብ ቀጠነ!"

"ጎደለ ከተባለ የወሰደ ሰው አለ ማለት ነዋ" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ጥሩብርሃን ነበረች። ካኪ ኮቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ለቀበሌው ሱቅ ባዶ ጆንያ ልትወስድ መጥታለች። የቀበሌውን ሸቀጥ የምታከፋፍለው እሷ ናት፤ ስኳሩም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። በዚያ የራሽን ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው ማንም ዝም ብሎ አያልፈውም። ለቃሚዎቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ቡናቸው አቀረቀሩ።

"ጓዲት ኩልሱም" አለች ጥሩብርሃን፣ "ወገን በድርቅ እየረገፈ አንቺ ለመክሳት ሚዛን ላይ ትወጫለሽ? አታፍሪም?"

"ሐኪም ነው ያዘዘኝ። ደግሞ እኔ ብከሳ አንቺን ምን ከፋሽ?"

"እኔማ ምን ይከፋኛል። ስኳርሽ የት እንደሚገባ ነው የገረመኝ።"

ኩልሱም መንገዱን ተሻግራ ወደ ሻይ ቤቷ ሄደች።

ሐኪሙ ነገሩን አድበስብሶ አልነገራትም። "የስኳር በሽታ ጀምሮሻል። ውፍረትሽን ቀንሺ፣ ስኳር ተዪ፣ በየወሩ ተመዘኚ። አለበለዚያ እግርሽ ላይ ይመጣል።" እግር ሲላት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። እናቷ በዚሁ በሽታ፣ በአንዲት እሾህ ሰበብ እግሯን እስከ ጉልበቷ ተቆርጣ ነው የሞተችው። የእናቷን አንድ እግር ጫማ ኩልሱም ራሷ ናት ከአልጋው ሥር አውጥታ የጣለችው።

እንግዲህ ስኳር መተው ነው። ግን ሻይ ያለ ስኳር ለኩልሱም የብርጭቆ እጣቢ ነው። ስኳር እንደ ልብ በነበረበት ዘመን አምስት ማንኪያ ጨምራ፣ ከታች የቀረውን በጣቷ ጠርጋ የምትልስ ሴት ናት። ስለዚህ፣ "ምን ልጨምርበት?" ብላ ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም። ማር አሏት፤ ሐኪሙ ማሩም ያው ነው አላት። ወተት አሏት፤ ወተቱ ደግሞ ያወፍራታል። ጤና አዳም ብትጨምር ሆድ ቁርጠቷን የምታክም እንጂ ሻይ የምትጠጣ አልመሰላትም። ጨውም ሞከረች፤ ተፋችው። ቀረፋ ደህና ነገር ይመስልና አፍ ላይ ጣፋጭ ነኝ ብሎ ያታልላል፤ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ ውሸቱ ይታወቅበታል። የቀራት ዝንጅብል ነበር። አይጣፍጥም፤ ግን ያቃጥላል፤ ምላሷን ሥራ ያስይዘዋል። ዝንጅብሉን እየከተፈች፣ ዓለምን እየረገመች፣ ሁለት ወር ሙሉ እሱን ጠጣች።

ችግሩ ሻይ ቤቱ ነው። ስኳር በራሽን ከሆነ ወዲህ ሻዩን አጣፍጣ የምታቀርበው ኩልሱም ራሷ ናት፤ ጠጪው ሁሉ የሚያየው የእሷን እጅ ነው። እሷ ደግሞ ከደንበኞቿ ፊት ተቀምጣ ስኳር የሌለው ሻይ ትጠጣለች። "ራሷ ያልፈለገችውን ለእኛ ታጠጣናለች" ይላል አንዱ። "ስኳሩን በጓሮ እየሸጠችው ነው እንጂ" ይላል ሌላው። እሷ ግን ምንም አልሸጠችም። ከቤቷ ራሽን የራሷን ድርሻ በየወሩ በጣሳ እያጠራቀመች፣ ከሽንኩርቱ ከረጢት ጀርባ አስቀምጣለች። ረመዳን ሲገባ ልጇ ጀሚሊያና ቤተ ዘመዱ እንዲያፈጥሩበት ነው። እርግጥ ሁለት ጊዜ ጣቷን በምራቋ አርሳ ጣሳው ውስጥ ነክራለች። ይህን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ለእረፍት ወጥተው ሻይ ቤቱን በሞሉበት ሰዓት፣ ጥሩብርሃን ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትላ ገባች። አንደኛው ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ፍተሻ ነው" አለች።

"ምን ጠፍቶ?" አለች ኩልሱም።

"ገና አልጠፋም። እንዳይጠፋ ነው።"

ሁለተኛው ጥበቃ ጓዳ ገባ። ድስት ሲንኳኳ፣ ከረጢት ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ ጣሳውን ታቅፎ ወጣ። ጀሚሊያ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እናቷን አየች።

ጥሩብርሃን ክዳኑን ከፈተችና ለሰው ሁሉ እንዲታይ አዘነበለችው። "ይህ ምንድን ነው?"

"የቤቴ ራሽን ነው። ሰፍረሽ የሰጠሽኝ ራስሽ ነሽ። የእኔን ድርሻ ስለማልጠጣው ለረመዳን ብዬ አስቀመጥኩት።"

"አትጠጪም!" ጥሩብርሃን ወደ ደንበኞቹ ዞረች። "ሰማችሁ? ዘጠና ስድስት ኪሎ ሴትዮ ስኳር አትቀምስም! ክብደቷን ዛሬ ጠዋት በጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

"ከመቶ ሦስት ወርጄ ነዋ ዘጠና ስድስት የገባሁት!"

"ብትወርጂስ? አሁንም የእኔ እጥፍ ነሽ። እኔን እይኝ፤ ሕዝቡ የሚበላውን ነው የምበላው፤ ሃምሳ ኪሎ አልሞላም። ይህ ገላ ከአየር የመጣ ነው ልትዪን ነው?"

ጠጪዎቹ ብርጭቋቸውን አተኩረው አዩ። ከመካከላቸው ያመነቻት ይኑር አይኑር ኩልሱም ልታውቅ አልቻለችም። ወፍራም ገላዋ ራሱ ነበር የመሰከረባት፤ በዚያ የድርቅ ዓመት ወፍራም ሰው የተባለውን ሁሉ የሠራ ነበር የሚመስለው።

የሁለቱ ጠብ ዛሬ የመጣ አይደለም። ከአብዮቱ በፊት ጥሩብርሃን እዚሁ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጣቢ ነበረች። አንድ ቀን የስኳሩ ዕቃ ጎደለና ኩልሱም ደንበኛ በሞላበት ልጅቷን መሐል ቤት አቁማ፣ "ምላስሽን አውጪ!" አለቻት። ጥሩብርሃን እያለቀሰች አወጣች። ምላሷ ላይ ምንም አልነበረም። ኩልሱም ግን ንግግሯን መዋጥ ስላልሆነላት አባረረቻት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተገለባብጦ፣ የዚያች ልጅ እጅ የከተማውን ስኳር የሚሰፍር እጅ ሆነ።

"አንቺ ልጅ፣ ሻይ ቅጂ" አለች ጥሩብርሃን ጀሚሊያን። "ባዶውን።"

ጀሚሊያ ቀድታ አቀረበች። ጥሩብርሃን ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ማንኪያውን ጣሳው ውስጥ ሰደደችና፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሳታቋርጥ ገለበጠችበት። አማስላ ብርጭቆውን ወደ ኩልሱም ገፋችው።

"ጠጪው። ራሽን የሚሰጠው ለሚጠቀምበት ነው። ድርሻሽ ከሆነ እዚህ በሰው ፊት ጠጪና ጣሳሽን ይዘሽ ሥራሽን ቀጥዪ። አልጠጣም ካልሽ ግን ስኳሩ ያንቺ አይደለም፤ ያከማቸሽው የሕዝብ ሀብት ነው። ጣሳውን እወስዳለሁ፣ በርሽንም አሽጌ ነው የምሄደው።"

እንፋሎቱ ኩልሱም ፊት ላይ መጣ። ሁለት ወር የሸሸችው ሽታ ነው። አፏ ውሃ ሞላ። አንድ ብርጭቆ አይገድልም፤ ይህን ታውቃለች። የምትፈራው ሁለተኛውን ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ ደግሞ ራሷን ታውቃታለች። የእናቷ ጫማ ትዝ አላት። ሻይ ቤቱ ከተዘጋ ምን እንደሚበሉም አሰበች።

"እማዬ" አለች ጀሚሊያ በለሆሳስ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ… ጠጪላትና ትሂድ።"

"ዝም በይ!" ኩልሱም ብርጭቆውን መልሳ ገፋችው። "እግሬን ነው የምትጠይቂኝ ጥሩብርሃን። አልጠጣም!"

"ይኸው! በአፏ ተናገረች!" ጥሩብርሃን ፊቷ ፈካ። "ማሸጊያውን አምጣ" አለችው ጥበቃውን። "የሕዝብ ስኳር ደግሞ አይደፋም።" ብርጭቆውን አንስታ፣ በዚህ ግባ፣ በዚያ ውጣ እያለች እያዘዘች፣ እስከ ግማሹ ጭልጥ አደረገችው።

ኩልሱም ዓይኗን ከእሷ አልነቀለችም። ስለ ጣፋጭ ነገር ከሆነ በዚህ ከተማ ከኩልሱም የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዚህ ወቅት ለሰው አንድ ማንኪያ ተኩል ከደረሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠጣው። በራሶ አንድ ቀን የሁለት ሰው ስኳር በስህተት ቢደርሰው ብርጭቆውን አቅፎ ብቻውን ሲስቅ ነበር። ይቺ ሴት ግን አራት ማንኪያ ሙሉ እንደ ውሃ ስታወርደው ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ደግሞ ኮቷ! አምና እስከ አንገቷ ቆልፋው የምትሄደውን ኮት ዘንድሮ ለምን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች?

"ጣፈጠሽ?" አለች ኩልሱም።

"ምን አልሽ?"

"አራት ማንኪያ ነው የጨመርሽበት። እጅሽ ሳያመነታ። እኔ ወፍራሟ እንኳ አራት ማንኪያ ከጠጣሁ ዓመታት አለፉኝ። ማን አስለመደሽ?"

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ዞር ብሎ አለቃውን አየ።

"አፍሽን ሰብስቢ!"

"ባስኩሉ ከመንገዱ ማዶ ነው" አለች ኩልሱም እየተነሳች። "ስኳር ለመተዌ ምስክሬ እሱ ነው። ደግሜ እወጣለሁ። መቶ ሦስት መሆኔን የሰማ ሁሉ ይመስክር። ከእኔ ቀጥሎ አንቺ ትወጫለሽ። ሃምሳ አልሞላም ብለሽ የለ?"

"እኔ ሰምቻለሁ" አለ በራሶ ከጥግ ብድግ ብሎ። "መቶ ሦስት ነበረ። እትዬ ውሸት አይናገርም።"

ጥሩብርሃን ዙሪያዋን ቃኘች። ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። እምቢ ብትል ወሬው ከማታ በፊት ከተማውን ያዳርሳል። "ምን እፈራለሁ!" አለችና ጣሳውን ከጥበቃው ተቀብላ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቀድማ ወጣች።

ለቃሚዎቹ ለቀማቸውን ትተው ተነሱ። ጸሐፊው ሳይቀር ከወዲያኛው በር መጣ። ኩልሱም ጠዋት የሸሸችውን ሚዛን ጫማዋን አውልቃ፣ ደረቷን ነፍታ ወጣችበት።

"በል ጋሽ ገበየሁ፣ ጮክ ብለህ!"

"ዘጠና ስድስት!" አለ ገበየሁ፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ እስኪጮህ። "ለጆንያው አንድ ኪሎ ቀንስ!"

"መቶ ሦስት ነበረች!" አሉ ለቃሚዎቹ ከየአቅጣጫው። "እውነቷን ነው! መቶ ሦስት!" በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

ኩልሱም ወረደች። "ተራሽ ነው" አለቻት።

ገበየሁ ብረቱን በሚዛኑ ክንድ ላይ ገፍቶ ሃምሳ ላይ አቆመው። ጥሩብርሃን ጣሳውን እንደያዘች ቀረበች።

"ጣሳውን አስቀምጪ እንጂ" አለች አንዷ ለቃሚ፣ "በኋላ በጣሳው ልታሳብቢ ነው?"

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀኝ እግሯን አንስታ ባስኩሉ ላይ አሳረፈች። ግራውን ከመሬት ሳታነሳ፣ ገና ወደ ፊት ዘንበል እንዳለች፣ የሚዛኑ ክንድ ሃምሳው አልበቃው ብሎ ብድግ አለና ብረቱን ቋ! አደረገው።

እግሯን እሳት እንደነካው ሰው መለሰችው።

ገበየሁ አፉን ከፈተ። ሁሉም ጠበቀ። በሥራ ዘመኑ ያልመዘነው፣ መዝኖም ያልጮኸበት ነገር የለም። አሁን ግን የጥሩብርሃንን ፊት አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ አፉን መልሶ ገጠመ። ብረቱን ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ ሳበው።

ኩልሱም አሁን አንድ ቃል ብትናገር ይበቃት ነበር። "ውጪና ይነገር!" ብትል፣ ጥሩብርሃን ብትወጣም ብትሸሽም ያለቀላት ናት፤ የሕዝብ ስኳር በላ የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ቀና ስትል ግን የጥሩብርሃን ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየች። ያ ብርጭቆ አጣቢዋ መሐል ቤት ቆማ ምላሷን ያወጣች ዕለት የነበራት ፊት ነው። ኩልሱም አላዘነችላትም፤ ጠላቷ ናት። ብቻ ያንን ፊት ዳግመኛ ማየት አልፈለገችም።

ቀረብ ብላ ሁለቱ ብቻ እንዲሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሚዛኑን ትጨርሺዋለሽ ወይስ ጣሳዬን ትሰጪኛለሽ?" አለቻት።

ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ ጣሳውን አነሳችና ኩልሱም ደረት ላይ ወረወረችው። "ዛሬን አመለጥሽ" አለች፣ እሷም ዝቅ ባለ ድምፅ። "የሚመጣው ወር ራሽን ስትሰለፊ እንገናኛለን።"

"እሰለፋለሁ። ወዴት እሄዳለሁ?"

ጥሩብርሃን ኮቷን ልትቆልፍ ሞከረች። አልደረሰላትም። ክፍቱን እንደተወችው ጥበቃዎቿን አስከትላ ወጣች። ሰዉም አንድ በአንድ ወደየሥራው ተበተነ።

ኩልሱም ጣሳውን ሆዷ ላይ አቅፋ ቆመች። ጣሳው ሲወረወር ክዳኑ ተላቆ ኖሮ ሽታው ወጣ። ሻይ ቤቷ ተርፏል፣ ደንበኛው አምኗታል፣ ጓዳዋን ዳግም የሚፈትሽ ቢኖር ዛሬ አይሆንም። ጣቷ ሳታዝዘው ወደ ክዳኑ ጠርዝ ሲሄድ ያየችው እሷ ራሷ ናት። በዚያች ቅጽበት ምላስሽን አውጪ የሚላት ሰው አለመኖሩ ጠቀማት።

"ጋሽ ገበየሁ" አለች፣ "ይህን ጣሳ እዚህ ከባስኩሉ ሥር አስቀምጥልኝ። እስከ ረመዳን።"

ገበየሁ ግራ ገባው። "ተመለሰልሽ አይደል እንዴ? ቤትሽ አታስቀምጪውም?"

"ቤት ከገባ እኔው ነኝ የምልሰው።"

ሽማግሌው ጣሳውን ተቀበለና፣ አመል ነውና፣ መጀመሪያ ባስኩሉ ላይ አኖረው። ሊጮህ ሲል እጇን አፉ ላይ አደረገችበት።

"እሱን ተወው" አለችው። "ከረመዳን በፊት ልወስደው ከመጣሁ ግን መጀመሪያ እኔን ሚዛን ላይ አውጣኝ። ጮክ ብለህም ተናገር።"

መንገዱን ተሻግራ ገባች። ጀሚሊያ ግማሽ የቀረውን ብርጭቆ ሳትነካ ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበር። ኩልሱም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች።

"ድፊው" አለች፣ "ዝንጅብሉንም አቀብዪኝ።"